ከቦርዱ ጋር የመጣው የተች ድራይቨር አዲሱ ከርነል ላይ ከሰዓታት በኋላ ይሞታል፣ አምራቹም አይመልስም

ባለ40ስክሪን

ሰላም ለቤቱ። ጉዴ ፈልቷል። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ የተራ መያዣ ማሽን እንሠራለን። ሰው ሲገባ ስክሪኑን ነክቶ ቁጥር የሚወስድበት ማለቴ ነው። ለአንድ ድርጅት 40 ሠርተን አስረክበናል፣ በየቅርንጫፉ ተተክለዋል። ውስጡ ትንሽ የአርም ቦርድ አለ፣ ከፊት 10 ኢንች ስክሪን፣ ከስክሪኑ ጀርባ ደግሞ ጣት የት እንደነካ የሚያነብ ቺፕ። ቺፑ ከቦርዱ ጋር የሚያወራው በአይቱሲ ነው፣ በሁለት ሽቦ የሚሄድ መገናኛ። የአምራቾቹን ስም አልጠራም፣ ገና ዕቃ እንገዛቸዋለን።

ቦርዱ የመጣው የሊኑክስ 4.4 ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ተጭኖበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የወጣ፣ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ጥገናው የቆመ ከርነል ነው። ደንበኛችን የደህንነት ፍተሻ አስደረገና "ይሄን ሳትቀይሩ ቀሪ ክፍያ የለም" አለን። ስለዚህ ወደ 6.1 መሻገር ግድ ሆነ።

ቦርዱ ራሱ ብዙ አላስቸገረኝም፣ ዋናው ከርነል ያውቀዋል። የተች ቺፑን ግን አያውቀውም፣ ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም (ድራይቨር) የለውም። በእጄ ያለው አምራቹ የላከው አንድ ዚፕ ነው፣ ስሙ "ፋይናል ኒው 2"። ሲከፈት 3 ሺህ መስመር የሚጠጋ አንድ የሲ ፋይል፣ ፈርምዌሩ (ቺፑ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ደግሞ ሄደር ፋይል ውስጥ በቁጥር ድርድር ተለጥፏል። ዳታሺት ብለው የላኩት 12 ገጽ ነው። ግማሹ የመስታወቱ ልኬት ነው። ስለ ሬጅስተር (ቺፑ የሚታዘዝባቸውና የሚነበብባቸው ቦታዎች) አንድ ቃል የለም።

ወደ አዲሱ ከርነል ሳሻግረው (ፖርት ሳደርገው) የማያስፈልገውን ሁሉ አወጣሁ። የአንድሮይድ ኮድ ነበረበት። በሦስት ቦታ የተገለበጠ አንድ አይነት ፋንክሽን ነበረበት። "ኢኤስዲ" የሚባል በየ2 ሰከንዱ የሚነሳ ታይመርም ነበረበት። ሁሉንም ጠረግኩና 3 ሺው መስመር 700 ሆነ። ኮርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው።

አሁን ችግሩ። ሲነሳ ይሠራል። ከ3 ሰዓት ወይ ከ10 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከ2 ቀን በኋላ ተቹ ይሞታል። ምስሉ አለ፣ ሲስተሙ አለ፣ ጣት ግን አይሰማም። አንዳንዱ ሞጁሉን (ድራይቨሩን) አውጥቼ ስመልሰው ይነሳል። አንዳንዱን ሪስታርት እንኳን አያድነውም፣ ሶኬቱን ነቅሎ መሰካት ነው። ሎጉ ላይ አንዳንዴ -110 (በጊዜው መልስ አልመጣም) አያለሁ፣ አንዳንዴ ምንም የለም። ከዚህ ሌላ ደግሞ ሲበራ ገና ከመጀመሪያው የማይነሳ አለ፣ ምናልባት ከ20 አንዴ፣ እሱ -6 ይላል።

አምራቹን በኢሜይልም በዊቻትም ለመንኩ። የሽያጭ ልጅቷ በጣም ትሁት ናት። መልሷ ሁሌ አንድ ነው፦ "እባክዎ የእኛን ኢሜጅ ይጠቀሙ።" የሬጅስተር ዝርዝር ላኩልኝ ስል ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከየት ልጀምር? ድራይቨሩን ከባዶ ልጻፈው? ወይስ ቺፑ ራሱ ቆሻሻ ነው? 40 ስክሪን መቀየር ኪሳችንን ይገለብጠዋል።


አቋራጭ

ወንድሜ፣ ራስህን አታድክም። 4.4ን ባለበት ተወው። ማሽኖቹን ከኢንተርኔት ነጥላቸው፣ ከአንድ ሰርቨር ጋር ብቻ እንዲያወሩ አድርግ፣ የቀረውን የኔትወርክ ፖርት ሁሉ ዝጋ። ከዚያ ለደንበኛው ሁለት ገጽ ጽፈህ አስረዳ። እኔ ሰነድ ከማይሰጥ አምራች ጋር መታገል ውሃ ወቀጣ መሆኑን የገባኝ ሁለት ዓመት ካባከንኩ በኋላ ነው።


ሽቦናብረት

አቋራጭ ያለው አንዳንድ ቦታ ይሠራል። ደንበኛው ክፍያ ይዞ "አልፈልግም" ካለ ግን ምን ታደርገዋለህ።

ባለ40፣ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ችግር ያለህ መስሎሃል እንጂ ቢያንስ ሁለት፣ ምናልባትም ሦስት ነው ያለህ። ሞጁሉን አውጥተህ ስትመልስ የሚድነውና ሶኬት ካልተነቀለ የማይድነው አንድ በሽታ ሊሆኑ አይችሉም። ሪስታርት ስታደርግ ቦርዱ ይነሳል፣ የስክሪኑ ኃይል ግን አይቋረጥም። ስለዚህ የሁለተኛው ዓይነት ጥፋት ቺፑ ውስጥ ወይም ባሱ (የአይቱሲው ሽቦ) ላይ ነው ያለው። ድራይቨርህን አስሬ ብትጽፈው አይነካውም።

ኮዱን ለጊዜው ዝጋና መልቲሜትር ያዝ። ተቹ የሞተ ማሽን ስታገኝ ምንም ሳትነካ፣ ሳታጠፋ፣ ጀርባውን ክፈትና ሦስት መስመር ለካ። የኢንተራፕቱን (ቺፑ ቦርዱን የሚጠራበትን)፣ ኤስዲኤን (የአይቱሲውን ዳታ)፣ ኤስሲኤልን (የአይቱሲውን ምት)። ሥራ ሲፈቱ ሦስቱም ወደ 3.3 ቮልት መሆን አለባቸው። የትኛው ዜሮ ላይ እንደተኛ ንገረኝ። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ምክር ሁሉ ግምት ነው፣ የእኔም ጭምር።

ሌላው ደግሞ፣ ያ የጠረግከው የ2 ሰከንድ ታይመር ምን ይሠራ ነበር?


ባለ40ስክሪን

አራት ቀን ዞሬ መጣሁ። ሞተው ያገኘኋቸው 6 ናቸው። 5ቱ ላይ የኢንተራፕቱ መስመር 0.1 ቮልት ነው፣ ኤስዲኤና ኤስሲኤል 3.3። አንዱ ላይ ግን ኤስዲኤ ዜሮ ነው፣ ሌሎቹ ደህና። ያ አንዱ ያለበት ቅርንጫፍ መብራት በሄደ ቁጥር ጀነሬተር የሚያስነሱበት ነው። ዘበኛው እንደነገረኝ ጠዋት ሁለቴ ሄዶ መጥቷል። አምስቱ በሞጁል ይድናሉ፣ ይሄኛው በሶኬት ብቻ። ልክ እንዳልከው።

ታይመሩን ከዚፑ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። በየ2 ሰከንዱ የቺፑን ሁኔታ ያነባል። ያልተነበበ ነገር ከተንጠለጠለ አንብቦ ያጸዳዋል። ቺፑ ካልመለሰ ሪሴት ያደርገዋል። "ኢኤስዲ" ስለሚል ከስታቲክ ኤሌክትሪክ መከላከያ ነው፣ እኛ ጋ አያስፈልግም ብዬ ነበር የሰረዝኩት። አሁን ፊቴ ቀልቷል።


ሽቦናብረት

ፊትህ አይቅላ፣ ስሙ ነው ያሳሳተህ። ሁላችንም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ሰርዘን እናውቃለን።

አምስቱ የሞቱበት ምክንያት ይሄ ነው። ቺፑ ጣት ሲሰማ መስመሩን ወደ ታች ይጎትታል። አንብበህ "ጨርሻለሁ" ብለህ እስክትጽፍለት ድረስ እንደጎተተ ይቆያል። አንብበህ ገና ሳትጽፍ ሌላ ጣት ቢመጣ መስመሩ ሳይነሳ እዚያው ታች ይቀራል። አንተ ደግሞ ኢንተራፕቱን በኤጅ ነው የጠየቅከው፣ ኤጅ የሚሰማው መውረዱን ብቻ ነው። ካልተነሳ አይወርድም። ካልወረደ አትሰማም። ካልሰማህ አታነብም። አለቀ፣ ሁለታችሁም አንዳችሁ ሌላውን እየጠበቃችሁ ዓመት መቀመጥ ትችላላችሁ። አምራቹ ይሄን ያውቃል ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ሥሩን ከማስተካከል ይልቅ በየ2 ሰከንዱ የሚቀሰቅስ ሰው ቀጠረ።

መድኃኒቱ ሌቭል ማድረግ ነው። መስመሩ ታች እስካለ ድረስ ኢንተራፕቱ ይደጋገማል፣ የሚያመልጥህ ነገር የለም። ትሬድድ ኢንተራፕት (ንባቡ በራሱ ትሬድ የሚሄድበት) ተጠቀም፣ ንባቡ እስኪያልቅ ኢንተራፕቱን ዘግቶ የሚያቆየውን ዋንሾት ባንዲራ አትርሳ፤ አለበለዚያ በአይቱሲ አንብበህ ሳትጨርስ መስመሩ ሲፒዩውን እየደበደበ ይውላል።

ሌቭል የራሱ መዘዝ አለው። ቺፑ አብዶ መስመሩን ዝቅ አድርጎ ቢቀር ኢንተራፕቱ ማቆሚያ የለውም። ከርነሉ ከ100,000 ኢንተራፕት 99,900ው ባለቤት ሲያጣ ራሱ ይዘጋዋል፣ ያንተ ድራይቨር ግን ሁሌ "የእኔ ነው" ስለሚል ያ ጥበቃ አይሠራልህም። ስለዚህ ቆጣሪ አስገባ። ተከታታይ 50 ጊዜ አንብበህ ባዶ ከመጣ ኢንተራፕቱን ዝጋ፣ ቺፑን ሪሴት አድርግ፣ መልሰህ ክፈት፣ ሎግ ላይ አንድ መስመር ጻፍ። 50ው የእኔ ልማድ ነው፣ አንተ ለክተህ ቀይረው።


ባለ40ስክሪን

ዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ዕቃ ለከርነሉ የሚዘረዝረው ፋይል) ላይ ወደ ሌቭል ቀየርኩት። ቢልድ አደረግኩ፣ ጫንኩ፣ ፕሮክ ስር ያለውን የኢንተራፕትስ ፋይል ስከፍት አሁንም "ኤጅ" ይላል። ቦርዱ ሌቭል አይችልም ማለት ነው?


ቢትበቢት

ይችል ይሆናል። ድራይቨሩ ውስጥ ኢንተራፕቱን የሚጠይቀውን መስመር እየው። ዘጠና በመቶ "ፎሊንግ" (ሲወርድ፣ ማለትም ኤጅ) የሚል ባንዲራ እዚያው በእጅ ተጽፏል። ድራይቨሩ ራሱ ዓይነቱን ከጠቀሰ ዲቫይስ ትሪው ያለውን ይሽረዋል። ከድራይቨሩ አውጣው፣ ዋንሾቱን ብቻ ተው፣ የኤጅና የሌቭሉ ምርጫ ዲቫይስ ትሪው ላይ ብቻ ይኑር። ነገ ሌላ ቦርድ ላይ ስትጠቀምበት ኮድ አትነካም።

አንተ ያላነሳኸው ግን እኔን የሳበኝ ሦስተኛው ችግር ነው፣ ከ20 አንዴ ሲበራ -6 የሚለው። -6 ማለት አድራሻውን ጠርተህ ማንም አቤት አላለም ማለት ነው። ቺፑ ገና አልነቃም ማለት ይሆናል። ዚፑ ውስጥ ሪሴቱ እንዴት ነው የተጻፈው? ኤምስሊፕ (በሚሊሰከንድ የሚቆጠር እንቅልፍ) አለበት? የድሮው ከርነል ኤችዜድ (በሰከንድ የሚመታው ምት ብዛት) ስንት ነው፣ የአዲሱስ?


ባለ40ስክሪን

ባንዲራው ነበር! አወጣሁት፣ አሁን "ሌቭል" ይላል። እግዜር ይስጥሽ።

ሪሴቱ እንዲህ ነው። መስመሩን ዝቅ፣ ኤምስሊፕ 10፣ ከፍ፣ ኤምስሊፕ 20፣ ከዚያ መጻፍ። እኔ ምንም አልቀየርኩም፣ ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው። ኤችዜዱ የድሮው 100፣ የአዲሱ 1000። እሱ ምን አገናኘው?


ቢትበቢት

ቁጥሮቹ እንዳሉ ናቸው፣ ጊዜው ግን ያው አይደለም።

ኤምስሊፕ 20 ማለት "ቢያንስ 20" ማለት እንጂ "ልክ 20" አይደለም። ከርነሉ ይሄን እንቅልፍ የሚቆጥረው በምት ነው። ኤችዜድ 100 ሲሆን አንዱ ምት 10 ሚሊሰከንድ ነው። 20 ሲባል 2 ምት ይሆናል፣ እንዳያንስ አንድ ይጨምርበታል፣ 3። ከሱ በፊት ሌላ ኤምስሊፕ ስላለ ደግሞ የሚጀምረው ልክ ምቱ ላይ ነው። ስለዚህ በድሮው ከርነል ያ እንቅልፍ ሁሌ ወደ 30 ይጠጋ ነበር። በአንተ 1000 ላይ አንዱ ምት 1 ሚሊሰከንድ ነው፣ 20 ምት እና 1 ጭማሪ፣ 21 ላይ ይነቃል።

አምራቹ ሳያውቀው 9 ሚሊሰከንድ በስጦታ ያገኝ ነበር። አንተ ስጦታውን ወሰድክበት።

ሎጂክ አናላይዘር ካለህ ሪሴት መስመሩንና አይቱሲውን አብረህ ቅዳ። ርካሾቹ ባለ 8 ቻናል ይበቃሉ፣ ለዚህ ፍጥነት ከበቂ በላይ ናቸው። ከሪሴት በኋላ በየሚሊሰከንዱ አድራሻውን እየጠራህ ስንተኛው ላይ አቤት እንደሚል እየው። አንድ ቺፕ ላይ አይደለም፣ ሃምሳ ጊዜ፣ አምስት ስክሪን ላይ። ከዚያ ያገኘኸውን ትልቁን ቁጥር እጥፍ አድርገህ ጻፍ። ከቻልክ ደግሞ ዝም ብለህ ከመተኛት እየጠራህ ጠብቅ፣ 200 ሚሊሰከንድ ድረስ ካልመለሰ በግልጽ ኤረር ስጥ።


የድሮቤት

ልጆች፣ ደስ የሚል ክር ነው። እኔ እንኳን ተች አላውቅም፣ ግን ይሄ ታሪክ አርጅቷል።

ቢል ፖል የሚባል ሰው ለፍሪቢኤስዲ (እንደ ሊኑክስ ያለ ሌላ ሲስተም) የሪልቴክ 8139 ኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ሲጽፍ፣ ኮሜንቱ ላይ ይሄ ካርድ "ሎው ኤንድ" (ርካሽና ተራ) የሚለውን ቃል ትርጉም እንደ አዲስ ይወስናል ብሎ አላግጦበታል። የሚላከው ፓኬት አድራሻው በአራት ባይት ካልተስተካከለ ካርዱ አይቀበልም፣ የሚቀበለውንም አንድ ቋት ውስጥ ስለሚደፋው ሲፒዩው እየቀዳ ማውጣት ነበረበት። ግን ካርዱ ርካሽ ነው፣ ዓለም ሁሉ ገዝቶታል። ስለዚህ ተሳደበና ጻፈለት። ሥራው ይሄ ነው።

ሊኑክስ ውስጥ ለዲስኮች ብቻ የተሠራ ሰንጠረዥ አለ። ሞዴሎቹ ስም በስም ተዘርዝረው "ለዚህኛው ይሄን ትዕዛዝ አትላክ" ይላል። ለፒሲአይ ሌላ አለ፣ ለዩኤስቢ ሌላ። ለርካሽ ታብሌቶች ተች ደግሞ ራሱን የቻለ ፋይል አለ። ሲሊድ የሚባለው የተች ቺፕ ፈርምዌሩን አያስታውስም፣ በበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይጫንለታል፣ ፈርምዌሩም እንደየታብሌቱ ይለያያል። አምራቾቹ አላቀረቡም። ስለዚህ ሰዎች ከዊንዶውስና ከአንድሮይድ ድራይቨር እያወጡ ሰበሰቡት፣ ሃንስ ደ ጎደን የመሳሰሉ የከርነል ሠሪዎች ደግሞ የትኛው ታብሌት የትኛውን እንደሚፈልግ በሰንጠረዥ አስገቡት። ማንም አምራች ደብዳቤ እስኪጽፍ አልጠበቁም።

አንድ ነገር ላክል። ቀድሞ ያየሁት ሰው ሁሉ የአምራች ኮድ ሲያይ ወይ እንዳለ ይለጥፋል ወይ ይጠየፍና ይጠርጋል። ሁለቱም ያስቸግራል። እኔ እንደ ምስክር ቃል ነው የማነበው። ምስክሩ ዋሾ ነው፣ ይቀባጥራል፣ ግን ቦታው ላይ ነበር። ትርጉም የሌለው ኤምስሊፕ፣ ሁለቴ የሚጻፍ ሬጅስተር፣ ስሙ ከሥራው የማይገናኝ ታይመር ስታይ፣ አንድ ሌሊት አንድ ኢንጂነር እዚያ ጋ ተሰቃይቶ ነበር ብለህ ጠርጥር። ስትሰርዝ አንድ በአንድ ሰርዝ፣ በእያንዳንዱ መሃል ሁለት ቀን አስሩጥ። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው።

ስለ ፈቃድም ልጠይቅህ። ዚፑ ውስጥ ያለው ኮድ ጂፒኤል ነው የሚል አለው? ካለው ተመስገን፣ ማሻሻልም ማካፈልም ትችላለህ። ሄደሩ ውስጥ ያለው ፈርምዌር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከኮዱ ለየው፣ በተለየ ፋይል አድርገህ ከርነሉ ከዲስክ እንዲጭነው አድርግ። ምንም ፈቃድ ከሌለው ደግሞ የብሮድኮም ዋይፋይን ድራይቨር የጻፉት ልጆች ያደረጉትን አስታውስ። አንዱ ቡድን የአምራቹን ድራይቨር መርምሮ ሰነድ ጻፈ፣ ሌላው ቡድን ሰነዱን ብቻ እያየ ኮድ ጻፈ። ፈርምዌሩን ግን ማደል ስለማይፈቀድ ተጠቃሚው ከአምራቹ ድራይቨር ውስጥ ራሱ ቆርጦ የሚያወጣበት ትንሽ ፕሮግራም ሠሩለት።


አቋራጭ

ሁላችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን አንድ ሰው ሂሳቡን ያስላ። እስካሁን ስንት ሳምንት ሄደ? የልጁ ደመወዝ፣ የመኪናው ነዳጅ፣ በየቅርንጫፉ መዞሩ። ሌላ ስክሪን ዋናው ከርነል ውስጥ ድራይቨር ካለው ቺፕ ጋር ቢገዛ አይቀልም ነበር?


ሽቦናብረት

ለሚቀጥለው ግዢ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ዕቃ ከማዘዝህ በፊት የቺፑን ስም ጠይቅና ዋናው ከርነል ውስጥ ፈልገው። ከሌለ ሁለት ዶላር ርካሽ ቢሆንም አትንካው። ናሙና ሲመጣ ደግሞ ቺፑን በዓይንህ አንብብ፣ የተጻፈው ሌላ የታዘዘው ሌላ ሆኖ አይቻለሁ። አስመስሎ የተሠራም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የቺፕ አምራቹ ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ አፕዴት ባሰራጨው ድራይቨር ተመሳስለው የተሠሩ የዩኤስቢ ሲሪያል ቺፖችን መለያ ቁጥር ዜሮ አድርጎ ጽፎባቸው ነበር። ስንት ሰው ዕቃው ውስጥ የማን ቺፕ እንዳለ ያወቀው የዚያን ቀን ነው።

የተተከሉት 40 ግን ተተክለዋል። ለነሱ ስክሪን፣ መስታወት፣ ፍሬም፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥ ደምርና ከሦስት ሳምንት ደመወዝ ጋር አወዳድር። እኔ ድራይቨሩ ይረክሳል ባይ ነኝ።

ባለ40፣ የቀረህ የጀነሬተሩ ማሽን ነው። ኤስዲኤ ዜሮ ላይ የተኛው ቺፑ አንድ ባይት እየላከልህ መሃል ላይ ቦርዱ ስለጠፋበት ነው። የቀሩትን ምቶች እየጠበቀ መስመሩን ይዞ ተቀምጧል። ከርነሉ ለዚህ መላ አለው፣ የባስ ሪከቨሪ ይባላል። ኤስሲኤልን እንደ ተራ ጂፒአይኦ (በሶፍትዌር ከፍና ዝቅ የሚደረግ ፒን) ይዞ 9 ጊዜ ይመታዋል፣ ቺፑ የጀመረውን ጨርሶ ይለቃል። ዲቫይስ ትሪው ላይ የኤስሲኤልና የኤስዲኤ ጂፒአይኦ እና የፒን አቀማመጡን መግለጽ አለብህ፣ የአይቱሲ ድራይቨርህም የሚደግፈው መሆኑን እይ።

9ኙ ምት ካላስለቀቀው የቀረህ ኃይሉን መቁረጥ ነው። የስክሪኑ 3.3 ቮልት በቀጥታ ነው የተያያዘው ብዬ እገምታለሁ። አንድ ፒ ቻናል ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ትራንዚስተር) መሃል አስገባና ከጂፒአይኦ አሠራው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔ ሁለት ቀን በልቶኛል። የአይቱሲው ፑልአፕ (መስመሩን ከፍ አድርገው የሚይዙት) ሬዚስተሮች ከቦርዱ ኃይል ጋር ከተያያዙ፣ የቺፑን ኃይል ብትቆርጥም በዳታ መስመሩ በኩል ጥቂት ጥቂት እየገባለት ግማሽ ነፍስ ይኖረዋል። ጠፋ ስትል አልጠፋም። መልቲሜትሩ ላይ 1.4 ቮልት ምናምን ታያለህ። ሬዚስተሮቹን ከሞስፌቱ በኋላ አዛውራቸው፣ የሪሴትና የኢንተራፕት መስመሩንም ኃይል ከመቁረጥህ በፊት ዝቅ አድርጋቸው።


ባለ40ስክሪን

ከሦስት ሳምንት በኋላ። እንደሚገባኝ ላመስግናችሁ አልችልም፣ ውጤቱን ልንገራችሁ።

ቢትበቢት፣ ለካሁት። 5 ስክሪን፣ እያንዳንዱ 50 ጊዜ። አብዛኛው ከሪሴት በኋላ 17 ወይ 18 ሚሊሰከንድ ላይ ይመልሳል። ሁለቱ ስክሪኖች ግን ጠዋት ቤቱ ሲቀዘቅዝ 23 ደርሰዋል። 21 ላይ የሚጠራ ድራይቨር 23 ላይ የሚነቃ ቺፕ እንዴት ያገኛል። አሁን እየጠራሁ እጠብቃለሁ። ከዚያ ወዲህ -6 አላየሁም።

ሌቭሉ አምስቱን ገድሎ የነበረውን ነገር ጨርሷል። ታይመሩንም መልሼ አስገባሁት፣ ግን በየ10 ሰከንዱ፣ ስሙንም ቀየርኩለት፣ ከላዩ ላይ ለምን እንዳለ ሰባት መስመር ኮሜንት ጽፌበታለሁ። አንድ ነገር ባዳነ ቁጥር ቆጣሪ ይጨምራል። ሁሉም ማሽን ቆጣሪውን ማታ ማታ ይልክልኛል። 36ቱ ዜሮ ናቸው። ሦስቱ ሁለትና ሦስት አላቸው። አንዷ ግን በሳምንት 31። የድሮቤት ስለ ምስክር ሲያወራ ትዝ አለኝና ድራይቨሩ ሲነሳ የቺፑን ቨርዥን ሎግ እንዲያደርግ አደረግኩ። ያቺ አንዷ ቨርዥኗ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። መጨረሻ ላይ በተናጠል ያዘዝናት መለዋወጫ ስክሪን ነች። ሞዴል ቁጥሩ ያው፣ ካርቶኑም ያው። ለሷ ብቻ የሚሠራ ሰንጠረዥ ጀምሬያለሁ፣ ለጊዜው አንድ ረድፍ አለው።

የጀነሬተሩ ማሽን 9ኙ ምት አድኖታል። እስካሁን ሞስፌት አላስፈለገም፣ ግን ሁለት ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

አቋራጭ፣ ሂሳቡን አስልቼዋለሁ። ስክሪኑን መቀየር ከደመወዜ አራት እጥፍ በላይ ይመጣል። አለቃዬ ሲያየው ዝም አለ።

ትናንት ደግሞ የሽያጭ ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ ጻፈችልኝ። "ኢንጂነሮቻችን ችግርዎን ፈትተዋል" ትላለች። ዚፕ አያይዛለች፣ "ፋይናል ኒው 3"። ከድሮው ጋር መስመር በመስመር አወዳደርኩት። ከ3 ሺህው መስመር የተቀየረው አንድ ነው። ኤምስሊፕ 20 የነበረው ኤምስሊፕ 50 ሆኗል።


ቢትበቢት

50! ሃሃ። ለምን እንደሆነ ኮሜንት ጽፈውበታል?


ባለ40ስክሪን

የለውም።